ሦስቱም ቁጥሮች አንድ የሆኑበት ግንቦት

ድሬዳዋ ቤት የሚከራይ ሰው ከውኃው ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ቬንትሌተሩ ነው። ኮርኒሱ ላይ የሚሽከረከር ነገር ከሌለ ግንቦትና ሰኔ አይገፉም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ከተማ በእነዚያ ወራት ቀን ቀን 35 ዲግሪን የምታልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆርቆሮው ሲጠጣ የዋለውን ፀሐይ ደግሞ ማታ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፤ ወንዱ ሽርጡን ያገለድማል፤ ሁሉም ነፋስ ያለበትን ክፍል ፈልጎ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ገና ውኃ ሳይቀርብለት "3 ላይ አድርጉለት" ይባላል።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ድሬ የወረድኩት ለአክስቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነው። የአክስቴ ቤት ከዚራ ነው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ በምድር ባቡሩ ኩባንያ ፕላን የተዘረጋው፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ የያዘው ሰፈር። ቤቱ ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው። በልጅነቴ ሳሎኑ መሀል ተሰቅሎ የማውቀው ባለሦስት ክንፍ የብረት ቬንትሌተር ነበር። አሁን ግን ቦታው ላይ ያለው የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣው ነው፤ እንጨት የሚመስሉ አምስት ክንፎች፣ ከሆዱ ሥር አንድ አምፖል፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሪሞት። ሪሞቱ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚሉ ቁልፎች፣ አንድ የመብራት፣ አንድ የማጥፊያ። በተጫኑት ቁጥር ከላይ "ጢጥ" ይላል። አክስቴ ይቺን ጢጥታ ትወዳታለች። እንግዳ ባለበት ሪሞቱን ከመቀነቷ ሥር አውጥታ፣ ወደ ላይም ሳታይ ስትጫን፣ ልጇ በስም ሳይጠራ ተመሰገነ ማለት ነው።

ለክርስትናው ቤቱ ቀለም ተቀባ። ቀቢዎቹ ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳ አስጠግተው፣ መልሰው ገፍተው፣ ክሬም የነበረውን ሳሎን ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ለውጠውት ሄዱ። ያን ዕለት ማታ አክስቴ 3ን ተጫነች። ጢጥ አለ። ክንፎቹ ተነሡና መዞር ጀመሩ፤ ግን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር እስኪቻል ድረስ ዝግ ብለው። 2ን ተጫነች፤ ጢጥ። ያው ነው። 1ን ተጫነች፤ ጢጥ። አሁንም ያው። ነፋሱ የመጋረጃውን ጫፍ እንኳ አያነቃንቅም።

"ሪሞቱ ሞተ!" አለች።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በዚህ ፍርድ ተስማማ። ድንጋዩ ተቀየረ። የተቀየረው ድንጋይ ደግሞ ጥራት የሌለው ነው ተብሎ ከግድግዳ ሰዓቱ ተነቅሎ ሌላ ገባ። የአክስቴ ተከራይ የሪሞቱን ሆድ በአልኮል ጠረገችው። አንዱ ዘመድ ከቬንትሌተሩ ሥር ቆሞ እጁን ዘርግቶ ተጫነ፤ ሌላው ከበሩ ላይ ሞከረ። ሰው ብልሽትን የሚፈልገው እጁ በሚደርስበት ቦታ ነው። ሪሞት ደግሞ እጅ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ይከፈታል፣ ይመታል፣ ይወቀሳል። ሌላው አካል ሁሉ አራት ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ጎረቤት የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የሚያጠና ልጅ አለ። ተጠርቶ መጣ። ሪሞቱን ተቀብሎ ስልኩን አወጣና ሰው ራሱን የሚያነሣበትን የፊት ካሜራ ከፈተ። የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሮ 3ን ሲጫን ስልኩ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ። በዓይናችን ስናየው ግን ምንም የለም።

"ይሄ ሪሞት የሚናገረው በኢንፍራሬድ ነው" አለ። "የሰው ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ያየዋል።" 2ን ተጫነ፤ በራ። 1ንም ተጫነ፤ በራ። "ሪሞቱ ምንም አልሆነም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ማን ሆነ?"

ልጁ ወደ ላይ አየ። ከኮርኒሱ ጋር በተጣበቀው ሽፋን ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበል ትንሽ ሳጥን እንዳለና እሱ ሳይቃጠል እንዳልቀረ ነገረን። ታይዋን ገበያ ሳጥኑ ከነሪሞቱ ይሸጣል፤ ቢገዛና ቢቀየር ያልቃል። አክስቴ ገንዘብ ልታወጣ መቀነቷን ስትፈታ ከጓዳ ያለችው የልጁ እናት ጮኸች፤ "ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጋሼን አስጠሩ!"

ጋሼ የተባሉት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ክፍል ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም። የአሮጌው ባቡር ዋናው ወርክሾፕ እዚሁ ስለነበር፣ ከተማዋ በብረትና በኤሌክትሪክ የሠለጠነ እጅ ለትውልድ አፍርታለች። በማግስቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ መጡ። ከሸሚዛቸው የደረት ኪስ ካቻቢቴና ቴስተር ብቅ ብለው ይታያሉ። መሰላል አልጠየቁም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ውኃ ጠጡና፣

"የማይሠራውን ሰምቻለሁ" አሉ። "እስቲ የሚሠራውን ንገሩኝ።"

ማንም አላሰበበትም ነበር። አክስቴ፣ ተማሪውና እኔ እየተቀባበልን ቆጠርንላቸው። ስንጫን ጢጥ ይላል። መብራቱ በሪሞት ይበራል፣ ይጠፋል። ቬንትሌተሩ ይነሣል፣ ሲያጠፉት ይቆማል።

"እንግዲህ አፉም ደኅና ነው፤ ጆሮውም ደኅና ነው" አሉ። "ሰምቻለሁ እያለ ጢጥ የሚል ሰው 'አልሰማም' ተብሎ አይከሰስም። ያጠረው ጉልበት ነው።"

ከዚያ አንድ ነገር አዘዙ፤ መጀመሪያ አምፖሉ ብቻ ይብራ፣ ቀጥሎ ቬንትሌተሩ ይነሣ። መጋረጃው ተዘጋ። አምፖሉ በራ። አክስቴ 3ን ተጫነች። ክንፎቹ መዞር እንደ ጀመሩ የአምፖሉ ብርሃን ዝቅ አለ። ቬንትሌተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ደመቀ። አክስቴ ለካ ሳሎኑ መጨለሙን ከቀለሙ ቀን ጀምራ ታዝባው ኖሯል፤ "አረንጓዴው ነው ብርሃኑን የበላው ብዬ ቀቢዎቹን ስረግማቸው ነበር" አለች።

ሽማግሌው ወደ ተማሪው ዞሩ። "ልጄ፣ ሁለቱ አብረው ከደከሙ ድካሙ የት ነው?"

ልጁ ጥቂት አሰበ። "ሁለቱም የሚጠጡበት መስመር ላይ። ከሳጥኑ በፊት።"

"ጎሽ። ስለዚህ መሰላል አያስፈልገንም፤ ገና ነው። የድሮው ቬንትሌተር መዘውር የት ነበር?"

አክስቴ የድሮውን መዘውር ጭራሽ ረስታዋለች። እኔ ግን ልጅ ሆኜ እንዳልነካው የምገረፍበትን ጥቁር ሳጥን አስታወስኩ፤ ከመብራቱ ማብሪያ ጎን፣ አሁን ቡፌው በቆመበት ግድግዳ ላይ ነበር። ብርጭቆው እየተንጫጫ፣ አክስቴ "ቀስ! ቀስ!" እያለች፣ ቡፌውን ለሦስት ገፋነው። ሳጥኑ አለ። ቀቢዎቹ ሳያነሡት ከነግድግዳው አረንጓዴ ቀብተውታል። መዘውሩ ላይ ከ1 እስከ 5 የተጻፉት ቁጥሮች በቀለሙ ሥር ጎበጥ ጎበጥ ብለው ይታያሉ። ጠቋሚው 1 ላይ ነው። ብሩሹ ይሁን የቡፌው ጠርዝ ያዞረው እግዜር ይወቅ።

ሽማግሌው ቬንትሌተሩን መልሰው በ3 አስነሡና ጥቂት ቆይተው የእጃቸውን ጀርባ ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። እኔንም ጋበዙኝ። ይሞቃል። ቡና የተቀዳበት ስኒ ያህል ይሞቃል።

"የጠፋባችሁ ነፋስ እዚህ ነው ያለው" አሉ።

ነገሩን ያስረዱን ቆይተው፣ ሳጥኑን ከፈቱት በኋላ ነው። ውስጡ ሸክላ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦው በየመሀሉ ወደ መዘውሩ መውጫ አለው። በድሮው ዘመን የቬንትሌተር ፍጥነት የሚቀነሰው እንዲህ ነበር። መዘውሩ 1 ላይ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ሽቦውን በሙሉ አቋርጦ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጥና ሞተሩ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ይሆናል። 2 ላይ ሽቦው ያጥራል፣ 3 ላይ የበለጠ፣ 5 ላይ ጭራሽ ሳይነካው በቀጥታ ያልፋል። ለብረቱ ቬንትሌተር ደግ ነበር፤ ሌላ አዛዥ አልነበረበትምና። ከዱባዩ ጋር ግን አይስማማም። የዱባዩ ፍጥነቱን የሚመርጠው በራሱ ሳጥን ነው፤ እንዲመርጥ ደግሞ ሙሉ 220 ቮልት መቀበል አለበት። ከፊቱ ጉልበት የሚበላ ሽቦ ካለ፣ 3ን መርጦም የሚያገኘው የ1ን ያህል ነው። የሰቀለው ሠራተኛ አሮጌውን ከኮርኒሱ አወረደ እንጂ የግድግዳውን ሳጥን ከመስመሩ አላወጣም። መዘውሩ 5 ላይ እስከቆየ ድረስ ማንም አላወቀም።

አክስቴ የልጇ ስም እንዳይነሣ ለሠራተኛው ጥብቅና ቆመች። "ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? አንዱ ቢሰበር በአንዱ ብሎ ይሆናላ።"

"ለጎጆ ነው ሁለት ባላ" አሉ ሽማግሌው። "ለሞተር አንድ አዛዥ ይበቃዋል።"

መዘውሩን ቀለሙን እየፈረፈሩ ወደ 5 አዞሩት። ከላይ ያሉት ክንፎች ባንዴ ተስፈንጥረው እርስ በርሳቸው ተዋሐዱ፤ መጋረጃው ተነሣ፣ ቡፌው ላይ የነበረው የጥሪ ወረቀት ተበተነ። ተከራይዋ እልልታዋን አቀለጠችው። አክስቴ ቡና ይፈላ አለች። ከኛ ወገን ጉዳዩ አልቋል።

ሽማግሌው ግን አልተነሡም። "2ን ተጫኚ እስቲ" አሉ።

ተጫነች። ቬንትሌተሩ ቀነሰ።

"1ን።"

ተጫነች። ጢጥ አለ፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ተማሪው ክንፉ ላይ ትንሽ ናስትሮ ለጥፎ በሰዓት ቆጠረው። 1 እና 2 ያለ ምንም ልዩነት አንድ ናቸው። አክስቴ "እኔ እንደሆን ከ3 በቀር ነክቼም አላውቅ፣ ይቅር" ብላ ልትገላግላቸው ፈለገች። የሁለተኛው ብልሽት ምስጢርም ይኸው ነበር። በድሬ ግንቦት 2ን የሚጫን ሰው የለም፤ ስለዚህ መቼ እንደ ጠፋ የሚመሰክር አልተገኘም። የመጀመሪያው ብልሽት ሦስቱን ባያመሳስል ኖሮ ማንም አይፈትሸውም ነበር። እኛ አንድ ችግር ብለን ያቀረብነው አቤቱታ ለካ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ከልሎት።

ብሬከሩ ወረደ። ሽማግሌው ብሬከሩን አላመኑም፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ነክተው አለመብራቱን ካዩ በኋላ ነው እጃቸውን ያስገቡት። የግድግዳውን ሳጥን ነቅለው ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኙና ቀዳዳውን በክዳን ዘጉት። "5 ላይ ትቼላችሁ ብሄድ" አሉ፣ "ነገ ሕፃን ያዞረዋል። ከቡፌ ጀርባ የሚሞቅ ነገር ደግሞ አይተውም።" ቀጥሎ መሰላል መጣ። የወጣው ተማሪው ነው፤ ሽማግሌው ከታች ሆነው ያዛሉ። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ሽፋን ፈትቶ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ሳጥን አወረደ። ሲከፈት ሁለት ጥቁር ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአንዱ ጎን አብጧል።

"አትንካ!" አሉ ሽማግሌው፤ ልጁም እጁን ሰበሰበ። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ የያዘውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ ጫፍና ጫፉን አነካክተው አራገፉት። ከዚያ ተማሪው የራሱን መለኪያ አወጣ። ያላበጠው ላይ የተጻፈውና መለኪያው የሚያሳየው ተቀራራቢ ነው። ያበጠው ላይ 3 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፏል፤ መለኪያው ያሳየው ቁጥር ግን ከዜሮ እምብዛም አይርቅም።

በዚህ ጊዜ ደግሞ አስተማሪው ልጁ ሆነ። እንዲህ ያለው ሳጥን ፍጥነት የሚቀንሰው ጉልበትን አቃጥሎ ሳይሆን በካፓሲተር ቆጥቦ እንደሆነ ነገረን፤ ለዚህ ነው እንደ ግድግዳው መዘውር የማይሞቀው። 1 ሲጫኑ ኤሌክትሪኩ በትንሹ ካፓሲተር ብቻ ያልፋል። 2 ሲጫኑ ሁለተኛው ጎን ለጎን ይጨመርና መንገዱ ይሰፋል። 3 ሲጫኑ ሁለቱንም ትቶ በቀጥታ ይሄዳል። ሁለተኛው ካፓሲተር ስለሞተ 2 ብለን ብንጫን የሚጨመር ነገር የለም፤ 1 ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌው በራሳቸው በኩል የሞተሩን ካፓሲተር አነሡ። ሞተሩን ለማስነሣትና በኃይል ለማዞር የሚያገለግል የራሱ ካፓሲተር አለው፤ እሱ ሲደክም ቬንትሌተሩ በሁሉም ቁጥር ይንቀራፈፋል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ክንፉን በእጅ ካልገፉት አይነሣም። "መዘውሩን 5 ላይ አድርጌ 3 ባይበረታ ኖሮ ወደዚያ ነበር የምሄደው" አሉ። ያበጠውን ምን እንደ ገደለው ስጠይቃቸው በጣታቸው ወደ ቆርቆሮው አሳዩኝ። ያ ሳጥን የሚኖረው ከድሬ ጣሪያ ሥር ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣበት አመጣጥ አለ።

በነጋታው ጠዋት ከተማሪው ጋር በባጃጅ ታይዋን ገበያ ወረድን። ሽማግሌው ቁራጭ ወረቀት ላይ "3 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት" ብለው ጽፈው፣ ከጎኑ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ምልክት የሆነችውን ጠመዝማዛ መስመር ስለውበታል። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ 2 ያለው አቀረበና "ያው ነው አቦ፣ ይሽከረከራል" አለን። ሁለተኛው 3 የሚል አገኘ፤ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያለ፣ አንድ ጎኑ ላይ የመቀነስ ምልክት የተሰመረበት ነው። ልጁ መለሰለት። እሱ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ዕቃ የሚሆን፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ቬንትሌተር ላይ ቢገባ ይፈነዳል። ሦስተኛው ሱቅ ትክክለኛውን ሰጠን፤ ቮልቱ ብቻ 500 ይላል። ስልክ ደውለን ሽማግሌውን ጠየቅን። "ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፤ ቮልቱ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ማነስ ብቻ ነው የማይፈቀድለት" አሉ።

ከቀትር በፊት ተበይዶ ገባ። ብሬከሩ ሲነሣ አክስቴ ራሷ ተጫነች። 1 ላይ ክንፎቹ ይቆጠራሉ። 2 ላይ መቁጠር ያስቸግራል። 3 ላይ ክንፍ የሚባል ነገር አይታይም። ሦስቱን ደጋግማ፣ ወደላይም ወደታችም ሞከረቻቸው። ከዚያ ክፍያ ላይ ተከራከሩ። አክስቴ "ዕቃው እንዲህ ረክሶ" አለች፤ ሽማግሌው "ዕቃውን እናንተ ገዛችሁ፣ እኔ የምጠይቀው የማወቄን ነው" አሉ። በመጨረሻ ከጠሩት ጥቂት ቀነሱላት፤ በምትኩ ያንን አረንጓዴ የተቀባ መዘውር ይዘው ሄዱ። በጣም የሚግል የመበየጃ ብረት ስላላቸው ሙቀቱን በእሱ ሊቀንሱበት ነው።

ክርስትናው በ3 ተከበረ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

በኋላ አክስቴ ስልክ ደውላ የነገረችኝን ልጨምር። አንዲት ጎረቤቷ በጠዋት መጥታ "ቬንትሌተሬ እንዳንቺው ፍጥነት አልቀይር አለኝ፤ ያንን ሽማግሌ ጥሪልኝ፣ ቡፌውንም እናንሣ" ትላታለች። አክስቴ ወዲያው አልተነሣችም።

"መብራቱስ በሪሞት ይበራል?"

"አይበራም።"

"ስትጫኚው ጢጥ ይላል?"

"ኧረ ምንም አይል።"

"እንግዲያው ያንቺ ሌላ ነው" አለቻት። "ቡፌሽን ተይውና ድንጋዩን ቀይሪ።"